ባጃጅ የሚሠራው ትሪያምፍ እውነተኛ ትሪያምፍ ነው ወይ?

የሌሊት ፈረቃ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ኮቨንትሪ ነው የምኖረው፣ ነርስ ነኝ። ባለፈው ወር፣ በ43 ዓመቴ፣ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። የእንግሊዙ ሞተር ሳይክል ትሪያምፍ የተወለደው እኔ በምኖርበት ከተማ ነው። ልጆቼን ያሳደግኩት እዚህ ስለሆነ ለስሙ የተለየ ፍቅር አለኝ።

መጀመሪያ ቦኔቪል ቲ100 የሚባለው ትሪያምፍ ላይ ወጣሁ። 228 ኪሎ ነው። ካጋደለበት ቀና ላደርገው ስል ክንዴ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሻጩ ትንሹን ትሪያምፍ፣ ስፒድ 400ን፣ አሳየኝ። 170 ኪሎ! ቁመቴ 1.60 ነው፣ ተረከዜ ባይደርስም የሁለቱም እግሬ ጣቶች መሬት ያዙ። ገበያ ላይ የወጣው በ4,995 ፓውንድ ነው፣ የቦኔቪሉ ግማሽ ገደማ ማለት ነው። ከትርፍ ፈረቃ ያጠራቀምኩት ይበቃዋል።

ግን የሚሠራው ሕንድ ነው፣ ሠሪው ደግሞ ባጃጅ ኩባንያ። አዳማ ላለው ወንድሜ ደውዬ ስነግረው «እንግሊዝ ድረስ ሄደሽ ባጃጅ ልትገዢ?» ብሎ ሳቀ። እውነቴን ነው፣ ከነከነኝ። ስሙን ብቻ ነው የምገዛው? የነዳችሁት ንገሩኝ።

ካቴና፦
እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! እኔ ስፒድ 400 ይዤ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፣ ለንደን። በየቀኑ ሥራ እሄድበታለሁ።

398 ሲሲ ነው፣ አንድ ሲሊንደር፣ 40 የፈረስ ጉልበት። ከመብራት ሲነሳ ያስደስታል፣ ፍሪሲዮኑም ለስላሳ ነው። ሰርቪስ በየ16,000 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከመጀመሪያው በቀር። ለኪስሽ ትልቅ ነገር ነው። ታንከሩ 13 ሊትር ነው፣ እኔን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይወስደኛል።

አውራ ጎዳና ላይ ግን አንድ ሲሊንደር አንድ ሲሊንደር ነው። በ70 ማይል ፍጥነት ለአንድ ሰዓት ስትነጂ እጅሽና እግርሽ ላይ ንዝረቱ ይሰማሻል። ከነፋሱ የሚጋርድሽም ነገር የለም። ከኮቨንትሪ ስኮትላንድ ለመመላለስ ካሰብሽ ሌላ ፈልጊ። ሥራ ለመሄድና እሁድ በገጠር መንገድ ለመዞር ከሆነ ግን ግዢው። ካቴናውን በዝናብ ከነዳሽ በኋላ ዘይት መቀባት እንዳትረሺ። እኔ በመጀመሪያው ክረምት ችላ ብዬው አንድ ጠዋት ዝጎ አገኘሁት።

የድሮ መካኒክ፦
ልጄ፣ ወንድምሽ የሚያውቀው ሦስት እግሩን ባጃጅ ነው፣ አይፈረድበትም። ግን ያው ኩባንያ ፑኔ አጠገብ ቻካን ላይ ከአሥር ዓመት በላይ የኦስትሪያውን የኬቲኤምን ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ሲሠራ ቆይቷል። እጁ ፈትቷል። ንድፉ ደግሞ የትሪያምፍ የራሱ ነው።

«እውነተኛ» ላልሽው ደግሞ ልንገርሽ። ትሪያምፍን ያቋቋመው ሲግፍሪድ ቤትማን ከጀርመን፣ ከኑረምበርግ የመጣ ስደተኛ ነበር። በ1902 የወጣው የመጀመሪያው ሞተር ሳይክላቸው ሞተሩ ሚነርቫ የሚባል የቤልጅየም ሥራ ነው። ሰውየው በ1913 የከተማሽ ከንቲባ ሆነ። ከመጀመሪያውም ቢሆን የሰው አገር እጅ ያልገባበት ትሪያምፍ የለም። አሁንም አንቺ የወጣሽበት ቦኔቪል የሚገጣጠመው ታይላንድ ነው!

ትንሽ መሥራትም አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ ታይገር ከብ የሚባል 199 ሲሲ ነበራቸው። ስንት ወጣት በእሱ ለመደ። በኋላ ትንንሹን ገበያ ለጃፓኖች ለቀቁ፣ ኮቨንትሪ አጠገብ ያለው የሜሪደን ፋብሪካቸውም በ1983 ተዘጋ። ስሙን ገዝቶ ሂንክሊ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ያስነሳው ጆን ብሉር የሚባል ነጋዴ ነው። እኔ ትንሹ በመመለሱ ደስ ብሎኛል። ወጣት የማይገዛው ሞተር ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

ሳሚ ሌስተር፦
እኔ በዚህ አልስማማም። በ5,000 ፓውንድ ያገለገለ ስትሪት ትሪፕል፣ ባለ ሦስት ሲሊንደሩን ትሪያምፍ፣ ታገኛለሽ። የትሪያምፍ ድምፅ ማለት ያ ነው። ማርሚታው ሲያፏጭ ስትሰሚ ይገባሻል። ዕድሜሽም ስለሚፈቅድ ሙሉ ፈቃድ ነው ያለሽ፣ በትንሽ ሞተር የሚገድብሽ የለም።

ካቴና፦
ሳሚ ወንድሜ፣ ገና ከወር በፊት ፈቃድ ላወጣ ሰው ከ100 በላይ የፈረስ ጉልበት? ኢንሹራንሱንስ አስበኸዋል?

የሌሊት ፈረቃ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሽ መካኒክ፣ ስለ ቤትማን የጻፉትን ለልጄ አነበብኩላት። በስደት መጥቶ ከንቲባ መሆኑ ደስ አላት።

ዛሬ ጠዋት ከፈረቃ ወጥቼ ተኛሁና ከሰዓት ስፒድ 400ን ሞከርኩት። 40 ደቂቃ ነዳሁ። አንድ አደባባይ ላይ ሞተሩ ጠፋብኝ፣ ከኋላዬ መኪና ነበር። በእግሬ ያዝኩት፣ አልወደቀም። ቲ100 ቢሆን ይጥለኝ ነበር። ስመለስ ቆሜ በደንብ አየሁት። ሲሊንደሩ ላይ እንደ ድሮዎቹ ክንፍ ክንፍ አለው፣ ከፊቱ ግን ራዲያተር ተደብቋል። ታንከሩ ላይ ያለውን ስም በጣቴ ዳሰስኩት።

ቅዳሜ ቀብድ ልከፍል ነው፣ ጥቁሩን። ካቴና፣ ለዝናቡ የትኛውን የካቴና ዘይት ነው የምትጠቀመው?