«ዓለሙን የሚቀጭ» ወይስ «የረጋ»? ኤፒኩሮስን በአማርኛ ምን እንበለው

ደንገል፦
ሰላም ወገኖች። የቃል ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ ትንሽ ነገር ነገርም ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን የአንድ ሰው ወሬ ተነሣ። ጾም አያውቅም፣ ቢራ ይወዳል፣ የተበደረውን አይመልስም። አንዱ «ኤፒኩራዊ ነዋ!» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔን ግን ጎረበጠኝ። ቃሉን የምንጠቀምበት «ዓለሙን የሚቀጭ»፣ «ሆዱ አምላኩ» ለማለት ነው። «ፈጣሪውን የካደ» የሚለው ደግሞ ምርቃት ነው።

ቃሉ የወጣበት የግሪኩ ፈላስፋ ኤፒኩሮስ ግን እንደዚያ ነበር? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ341 ሳሞስ ደሴት ላይ ተወለደ። አቴና ውስጥ የአትክልት ቦታ ገዝቶ ከወዳጆቹ ጋር ኖረ፤ በ270 ሞተ። የዘወትር ምግቡ ዳቦና ውሃ ነበር። አንድ ጊዜ ለወዳጁ ሲጽፍ፣ ድግስ ሲያምረኝ እንድደግስበት ትንሽ አይብ ላክልኝ ብሏል። ይሄ ዓለምን መቅጨት ከሆነ እኔ በየቀኑ ሠርግ ቤት ነኝ ማለት ነው። «እንብላ እንጠጣ፣ ነገ እንሞታለን» የሚለውንም ለእሱ የሚሰጡት አሉ። እሱ ኢሳይያስ 22 ላይ ያለ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ። ኤፒኩሮስ የሕይወት ግብ የሚለውን ነገር በግሪክኛ «አታራክሲያ» ይለዋል፤ አእምሮ ሳይታወክ መኖር ነው። በአማርኛ ምን እንበለው?

የቆሎ ተማሪ፦
ተድላ። አለቀ።

ደንገል፣ ሰዎቹን ሐዋርያት ሥራ 17 ላይ እናውቃቸዋለን። «ኤፊቆሮስ» ተብለው ተጠርተዋል። ጳውሎስን «ይህ ለፍላፊ» ያለው ማን ሆነና? እነሱው ባሉበት ነው። ሞት ምንም አይደለም የሚል ሰው ደግሞ የእናቴ ለቅሶ ላይ ባይመጣብኝ ይሻለኛል።

ደንገል፦
በ«ለፍላፊ» ተረታሁ። ግሪክኛው ግን ከአማርኛው ይብሳል፦ «ፍሬ ለቃሚ» ነው፤ ከየሜዳው እህል የምትለቅም ወፍ። ከዚህም ከዚያም የሰማውን ቃርሞ የሚያወራ ማለት ነው።

የሞቱን ነገር ያለው እንዲህ ነው፦ እኛ ስንኖር ሞት የለም፤ ሞት ሲመጣ እኛ የለንም። ይሄን ለቅሶ ቤት የምናገር አይምሰልህ። ቡና ላይ እንኳ ብናገረው «አታሟርት!» ተባልኩ። እሱ ግን ሲሞት በኑዛዜው ቀድሞት የሞተውን የወዳጁን የሜትሮዶሮስን ልጆች አደራ ብሎ ነው የሄደ። ለቅሶ የማይደርስ ሰው እንዲህ አያደርግም።

የዘጌ ልጅ፦
እኔም ልግባ። ተድላ አይሆንም። ቃሉን ፍቱት እስቲ። ፊት ያለችው «አ» ማፍረሻ ናት። «ታራኬ» ሁከት ነው። ግሡ ለታወከ ሰውም ለደፈረሰ ውሃም ይሆናል። እኛስ? ውሃው ደፈረሰ፣ ዐይኑ ደፈረሰ፣ አገር ደፈረሰ እንላለን። አንድ ቤት ነን።

አባቴ ታንኳ ቀዛፊ ነበር። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨት ያመላልስ ነበር። ሌሊት የሚነሣው ለጽድቅ አልነበረም። ማለዳ ውሃው ረግቶ ይቆያል፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሣና ሞገድ ይመጣል። «ረግቷል፣ ልሂድ» ይል ነበር። ያው ሰው እናቴ ስትቆጣ ደግሞ «ረጋ በይ እንጂ» ይላታል። ወተትም ይረጋል፤ የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል እንዲሉ። (ለአይብ ፈላጊው ፈላስፋ ጥሩ ዜና ነው።)

አሁን ይሄን ስሙ። ኤፒኩሮስ ለተማሪው ለሄሮዶቶስ (ታሪክ ጸሐፊው አይደለም) በጻፈው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ለአእምሮ ሰላም «ጋሌኒስሞስ» የሚል ቃል ይጠቀማል። የባሕር ጸጥ ማለት ነው። የአባቴ «ረግቷል» እኮ ነው! ስለዚህ እኔ «እርጋታ» እላለሁ። ተድላን ገዝተህ ታመጣዋለህ። እርጋታ ግን የሚያደፈርሰው ነገር ሲቀር ራሱ ይመጣል። በክረምት ወንዞቹ ደለል ይዘው ሲገቡ ጣና ይደፈርሳል። እንዲጠል ምን ትጨምርበታለህ? ምንም።

ደንገል፣ ስምህን የወሰድክበት ተክልም ባለውለታቸው ነው። ታንኳ የምንሠራበት ደንገል ግሪኮቹ ፓፒሩስ የሚሉት ራሱ ነው። በአውሮፓውያን 79 ዓ.ም. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሄርኩላኒየም የምትባል ከተማን ሲቀብር አንድ ቤተ መጻሕፍትም አብሮ ተቀበረ። ከከሰሉት የደንገል ጥቅልሎች ብዙዎቹ የኤፒኩራዊው የፊሎዴሞስ ጽሑፎች ናቸው። አንዱ ላይ ባለ አራት ሐረግ መድኃኒት አለ፦ አምላክ አያስፈራም፤ ሞት አያሰጋም፤ መልካሙ በቀላሉ ይገኛል፤ ክፉውን በቀላሉ ይችሉታል።

የቆሎ ተማሪ፦
እርጋታን ተቀበልኩ። ስለ አባትሽ ስል ነው።

«አምላክ አያስፈራም» ላይ ግን ቁሙ። «ፈሪሃ» እና «ፍርሃት» ሥራቸው አንድ ነው፤ ትርጉማቸው ግን ሌላ ነው። እባብ ያየ ሰው ይፈራል፣ ይሸሻል። ፈሪሃ ያለው ሰው ይቀርባል፣ ጫማውን ያወልቃል። ሰውየው ይሄን ሳይለይ ሁለቱንም ባንድ ጆንያ ከቷቸዋል።

ደንገል፦
ይሄ እስካሁን ከተባለው ሁሉ ጠንካራው ነው። ግን ለይቷል ባይ ነኝ። ግሪክኛም ሁለት ቃል አለው። «ዩሴቤያ» ያንተ ፈሪሃ ነው። «ዴይሲዳይሞኒያ» ግን መናፍስትን መፍራት ነው። ጳውሎስ እዚያው ምዕራፍ ላይ አቴናውያንን አማልክትን እጅግ ትፈራላችሁ ሲላቸው የተጠቀመው የዚህኛውን ቤተሰብ ቃል ነው።

ኤፒኩሮስ አማልክት የሉም አላለም። አሉ፤ ብፁዓን ናቸው፤ አይቆጡም፣ አያዳሉም አለ። ለተማሪው ለሜኖይኬዎስ ሲጽፍም የብዙኃኑን አማልክት የማይቀበል ሳይሆን የብዙኃኑን ሐሳብ ለአማልክት የሚያለብስ ነው ርኩሱ ይላል። ጸሎት የሚሰማ አምላክ እንደሌለው አልክድህም። እዚያ ላይ አንተና እሱ አትገናኙም።

እኔ የያዝኩት «አጉል» የምትለዋን ቃል ነው። አጉል ሰዓት፣ አጉል ቦታ፣ አጉል ሆንኩ። ቦታውን የሳተ ነገር ሁሉ አጉል ነው። አጉል እምነትም ቦታውን የሳተ እምነት ነው። ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን አንዲት እትዬ ነበሩ። «ገደ ቢስ» ይሏቸው ነበር። ማለዳ እሳቸውን ያየ አሣ አጥማጅ መረቡን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ውሃ ለመቅዳት ፀሐይ እስክትጠነክር ይጠብቁ ነበር። ይሄ ፈሪሃ ነው?

ኤፒኩሮስ ስለ መብረቅ ሲጽፍ መንሥኤው ይሄም ሊሆን ይችላል፣ ያም ሊሆን ይችላል ይላል። አንዱን ብቻ ያዙ አይልም። አንድ ነገር ብቻ ይለምናል፦ ተረቱ ይራቅ። እኛ ደግሞ ስንምል «መብረቅ ይምታኝ» እንላለን፤ መብረቁ ሐሰተኛ የሚለይ ይመስል።

የቆሎ ተማሪ፦
«ገደ ቢስ» ማለትን የኔታም ይከለክሉን ነበር። የተናገረ ይገረፋል። እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ፤ ከኤፊቆሮስ ጋር ግን አይደለሁም፣ ተግባባን?

ለቃሉ ያህል፦ «ገድ» መልካም ምልክት ነው፣ «ቢስ» የሌለው። «ገደኛ» ተቃራኒው።

የዘጌ ልጅ፦
ደንገል፣ እትዬስ? አሉ?

ደንገል፦
አሉ። ቧንቧ ግቢያቸው ድረስ ከገባ ቆይቷል። አሁንም ግን ፀሐይ ካልጠነከረች ከበር አይወጡም።