የጀማሪ ደራሲን የፍቅር ልቦለድ ድክመት ገና በወጣ ሰሞን መጻፍ ልክ ነው?

ተረኛዋ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። በሳምንት ሁለት ቀን የሌሊት ተረኛ ነኝ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ሰው ይቀንሳል፤ ያኔ አነባለሁ። ሌላም ሌላም አነባለሁ፣ ልቤ ያለው ግን አዲስ የወጣ የፍቅር ልቦለድ ላይ ነው። አንብቤ ስጨርስ በቴሌግራም ቻናሌ ላይ አስተያየት እጽፋለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ።

አንድ መጽሐፍ አዲስ አበባ ከወጣ በኋላ እዚህ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልም። እህቴ ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ትገዛና በአውቶቡስ ትልክልኛለች። ባለፈው ወር የላከችልኝ የአንዲት ጀማሪ ደራሲ ሥራ ነበር። 450 ብር። ሽፋኑ ያምራል፣ ወረቀቱም ጥሩ ነው።

ልጅቷ የባንክ ሠራተኛ ናት። ሰውየው አለቃዋ ነው። እስከ ገጽ 57 ድረስ “እርስዎ” ትለዋለች። ገጽ 62 ላይ “አንተ” አለችው። መካከል ላይ ምንም የለም። ይሄ በጣም አናደደኝ። ምክንያቱም በእኛ ቋንቋ ፍቅር የሚታየው እዚያች ድልድይ ላይ ነው። ሰው ከ“እርስዎ” ወደ “አንተ” ሲሻገር አፉ ይያዛል። ሁለቱንም መጥራት ይፈራል። “ቡና ይጠጣሉ?” ማለት ያቅተዋል፣ “ቡና ትጠጣለህ?” ማለትም ይከብደዋል። ስለዚህ “ቡና ይምጣ?” ይላል። ይህን ያልተናገረ ኢትዮጵያዊ አፍቃሪ አለ ብዬ አላምንም። እናቴ አባቴን እስከ ዛሬ አንቱ ነው የምትለው። ተቆጥታ እንኳ አንቱ ትለዋለች። ፍቅሯን የምሰማው እዚያ ውስጥ ነው። ታዲያ ደራሲዋ ይህን ሁሉ እንዴት ዘለለችው?

ሌላም ነበር። የልጅቷ ወንድም ስም ገጽ 140 ላይ ተቀይሯል። መጨረሻ አካባቢ ልጅቷ ልቧን ትታመምና ኦሜፕራዞል ታዝዞላት ትድናለች። ኦሜፕራዞል የጨጓራ መድኃኒት ነው። በቀን ስንት ጊዜ በእጄ እንደሚያልፍ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሁሉንም ጻፍኩት። መጽሐፉ ከወጣ ገና አሥረኛ ቀኑ ነበር። ደራሲዋ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። አልተሳደበችም። ያሳተመችው ዕቁብ ሲደርሳት በወጣላት ብር እንደሆነ፣ ሁለት ዓመት ሌሊት ሌሊት እንደጻፈችው ነገረችኝ። “ሳይሸጥ ገደልሽብኝ” አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ መጽሐፍ መክፈት ከብዶኛል።

ዝም ማለት ነበረብኝ? መጠበቅ ነበረብኝ? እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

መጽሐፍ ሻጩ (ለገሃር)

እህቴ፣ እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት በአዟሪነት ነው። መጽሐፍ ክንዴ ላይ እስከ አገጬ ደርድሬ ካፌ ለካፌ ስዞር ኖሬያለሁ። አሁን ትንሽ ቦታ አለችኝ። ያየሁትን ልንገርሽ።

የፍቅር መጽሐፍ ገዢ ጀርባውን ያነባል። ከዚያ መካከሉን ይገልጥና አንድ ገጽ ቆሞ ያነባል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “መጨረሻው ያሳዝናል?” ይላል። ሁሌም ይህችው ናት ጥያቄው። አንዲት ደንበኛዬ እናቷ በሞተች ሰሞን አእምሮዬን ያሳርፍልኛል ብላ ከእኔ አንድ መጽሐፍ ገዛች። መጨረሻው ላይ እናት ትሞታለች። እኔ አላነበብኩትም ነበር። መጽሐፉን መልሳ ስታስቀምጥ ያየሁት ፊቷ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ከዚያ ወዲህ እንዳንቺ ያሉትን አስተያየት የሚጽፉ ልጆች አነባለሁ። ማን እንደሞተ አትንገሪን። “ሐዘን አለበት” ብትይ ግን ለእኔ ይበቃኛል።

መግደሉን በተመለከተ፣ እኔ ጋ ክርክር የተነሳበት መጽሐፍ ይጠየቃል። ማንም ምንም ያላለለት ነው ከላይኛው መደርደሪያ የማይወርደው። ዝም ብትይ ለደራሲዋ አይጠቅማትም።

አንድ ደራሲ

እኔ የምጽፈው ከደራሲዋ ወገን ሆኜ ነው። የመጀመሪያ ልቦለዴን 1000 ኮፒ በራሴ ብር አሳትሜያለሁ። ማተሚያ ቤቱ ገንዘቡን የሚቀበለው አስቀድሞ ነው። አከፋፋዩ ደግሞ ከሽያጩ ድርሻውን ወስዶ ቀሪውን የሚሰጥህ ወራት ቆይቶ ነው። 300 ያህሉ እስከ ዛሬ አልጋዬ ሥር በካርቶን አሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለእኛ ምን ማለት እንደሆኑ እንድታውቂ ነው ይህን የምነግርሽ።

ስለ እኔ መጽሐፍ መጀመሪያ የተጻፈው “አሰልቺ ነው” የሚል አንድ መስመር ነበር። ሳምንት ሙሉ ታመምኩ። ምን ላስተካክል? የቱ ጋ ነው የሰለቸው? ሌላ አንባቢ ደግሞ 14 የፊደል ግድፈት ከነገጹ ጽፎ ላከልኝ። እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። አንቺ ስለ ገጽ 57 እና 62 የጻፍሽው ከዚህኛው ወገን ነው። እኔ ብሆን ይህን በወርቅ እገዛው ነበር። አንቱታውን ሁላችንም እንጽፈዋለን፣ እንደዚህ ያሰብንበት ግን ጥቂት ነን። የወንድሟ ስምና የመድኃኒቱ ጉዳይ ግን አስቀድሞ በውስጥ መስመር ሊነገራት ይችል ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ። መጽሐፉን ስንቴ ነው ያነበብሽው? ተረኛ ሆነሽ፣ ሰው እየገባ እየወጣ ከሆነ ያነበብሽው፣ አንድ ገጽ ሳታይው አልፈሽ ይሆናል። ደራሲ ድልድዩን አንዳንዴ በጣም ቀጭን አድርጎ ነው የሚሠራው። አንባቢ ቸኩሎ ከሆነ አያየውም።

ከኩዌት

እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የማነበው ማታ በስልኬ ነው። ወረቀቱን የማገኘው አገር ቤት ሄዳ የምትመለስ ጓደኛ ካለች ነው። ሻንጣዋ ውስጥ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ለሁለት መጽሐፍ የሚሆን ቦታ ቢገኝ ነው። ሁለቱን የምመርጠው እንዳንቺ ያለ ሰው ጽፎ ሳነብ ነው። ስለዚህ እባክሽ ዝም አትበዪ።

አንድ አደራ አለኝ። አዲስ የፍቅር ልቦለድ ውስጥ ዐረብ አገር ያለች ልጅ ስትገባ ልብ ብለሽ አንብቢልኝ። ብዙ ጊዜ ወይ ወርቅ ጭና ትመለሳለች፣ ወይ አብዳ ትመለሳለች። ፍቅረኛዋ ይጠብቃታል ወይም ይክዳታል፣ አለቀ። ማታ ኩሽና ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በስልክ የምታወራ ልጅ እስካሁን አላየሁም። ፍቅራችን ያለው እዚያ ነው። ሃያ ደቂቃ፣ እሱም አከፋፍለን፦ ለእናት አሥር፣ ለእሱ አሥር። ይህን በትክክል የጻፈ ደራሲ ካገኘሽ፣ ጀማሪም ቢሆን፣ ግድፈት ቢሞላውም፣ ንገሪኝ። እገዛዋለሁ።

ጡረተኛ መምህር

ልጄ፣ ባጭሩ። አማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። የፍቅር ልቦለድ ስለሆነ አለዝቢው የሚሉሽን አትስሚ። ልብ ወለድ የሚለው ስም ራሱ የመጣው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተሙት መጽሐፍ ነው። እዚያም ውስጥ ፍቅርና ጋብቻ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያወጡትን “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰፈሩ እንዴት ጸጥ ይል እንደነበር አስታውሳለሁ። ይህ ዘውግ የሚነበብበት ጥንቃቄ ይገባዋል። መጀመሪያ የተሳካውን ጻፊ፣ ቀጥለሽ ያልተሳካውን፣ ሁለቱንም ከነገጹ።

ተረኛዋ (ባሕር ዳር)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደራሲው ወንድሜ፣ ጥያቄህ ቀኑን ሙሉ ሲከተለኝ ዋለ። አንዴ ብቻ ነበር ያነበብኩት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልኬን ዘግቼ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ገጽ 59 ላይ ሁለቱ ሊፍት ውስጥ ናቸው። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ ማታ ሲወጡ “ይሄዳሉ?” ነበር የምትለው። እዚህ ጋ ግን “ዝናቡ አባርቷል?” ትላለች። ያንን ብቻ። ገጽ 60 ላይ ወረቀት ስታቀብለው “ይኸው” ትላለች። ገጽ 61 ላይ ስሙን ትጠራና ትተወዋለች። ሦስት ገጽ ሙሉ እርስዎም አንተም የለም። ደራሲዋ ድልድዩን ሠርታዋለች። እኔ ነኝ ያላየሁት። ያን ሌሊት ልጇ ትኩሳት የያዘው አንዲት እናት መጥታ ነበር። የልጁን ሽሮፕ ከመደርደሪያ ለማውረድ መጽሐፉን ደፍቼ የተነሳሁት እዚያ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም።

ቻናሌ ላይ አርሜ ጽፌያለሁ። የፊቱን አላጠፋሁትም። ከላዩ ላይ “ተሳስቼ ነበር” ብዬ ሦስቱን ገጾች አንድ በአንድ አስቀመጥኩ። ስለ ወንድሟ ስምና ስለ መድኃኒቱ የጻፍኩት እንዳለ ነው፣ እሱ ልክ ነው። ሐዘን እንዳለበትም ጨምሬያለሁ፤ እናት የሞተችባት ሴት ታሪክ ልቤን ነክቶታል። ኩዌት ያለሽው እህቴ፣ አደራሽን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ለደራሲዋም ይቅርታ ጠየቅኳት። ማታ መለሰችልኝ። የሊፍቱን ገጽ ማንም አያየውም ብላ ልታወጣው ደርሳ እንደነበር ነገረችኝ። ለልብ ሕመም የሚታዘዘውን ትክክለኛ መድኃኒትም ለሁለተኛው እትም ጠይቃኛለች። የልጅቷ ሕመም የትኛው ዓይነት እንደሆነ መጀመሪያ እንድትወስን ነግሬያታለሁ። ረቡዕ ተረኛ ነኝ፣ አብረን እናየዋለን።