ሰሊጡ እየረገፈብኝ ነው፣ አጫጅ የለኝም! መተማ አካባቢ ያላችሁ ድረሱልኝ

የሽንፋው ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። በጣም ቸኩያለሁ። እርሻችን ሽንፋ መስመር ነው። ሰሊጡ ደርሷል፣ ታችኛው ፍሬ መሰንጠቅ ጀምሯል። ለመስቀል ከተማ ደርሰን እንምጣ ብለው የወጡት አጫጆች በዚያው ቀሩ። ከቀሩት ደግሞ ግማሾቹ ትናንት ማታ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። 60 ሄክታር ነው፣ ግማሹ እንኳን አልታጨደም። ደላላው ስልክ አያነሳም። ቅድሚያ ብር ወስደው የጠፉም አሉ። ሰው የት ይገኛል? በስንት? ኮምባይን የሚያከራይስ ታውቃላችሁ? አባቴ ታሞ ጎንደር ስለሆነ ሁሉም ነገር እኔ ላይ ወድቋል። እባካችሁ።

የቆላው ገበሬ
ልጄ አይዞህ፣ አባትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ይሄ የአንተ ብቻ ችግር አይደለም። ድሮ ነሐሴ ሳያልቅ ከጋይንት፣ ከበለሳ፣ ከጎጃም ሰው በጭነት መኪና ሙሉ ይወርድ ነበር። እኛን አትመርጡንም እንዴ ነበር የምንባለው። በ2013 ጥቅምት ጦርነቱ ሲነሳ ሑመራ በኩል ስንቱ ሰሊጥ ማሳ ላይ ቀረ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ መንገዱ አስፈሪ ሆነ። ሰው ልጁን ወደ ቆላ መላክ ፈራ። በዚያ ላይ የዛሬ ወጣት ጎንበስ ማለት አይወድም። ባጃጅ ነው የሚያምረው። እኛ በሱ ዕድሜ ከጎህ እስከ ማታ ነበር የምናጭደው...

ኮኪት ነኝ
ጋሼ፣ ልጁ ታሪክ አልጠየቀም 😀
የሽንፋው ልጅ፣ ሰዎችህ እኛ ጋር ናቸው፣ ዛሬ ዶሮ ወጥ በልተዋል! ቀልዴን ነው። ቁም ነገሩን ልንገርህ፤ በስልክ አጫጅ አይገኝም። ራስህ ገንዳ ውሃ መናኸሪያ ሂድ፣ በሌሊት። የሳምንቱ ዋጋ የሚቆረጠው እዚያ ነው። ሰንበት ላይ ከየእርሻው የወጣ ሰው ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። መኪና ይዘህ ከሄድክ ወዲያው ጭነህ ትመለሳለህ። ደላላ ካልመጣ ብለህ አትጠብቅ።

በሂላ
በቀን አትቅጠር። በሂላ ተዋዋል። ነዶው ተሰብስቦ ሂላ፣ ማለትም የነዶ ክምር፣ ሆኖ ሲቆም ቆጥረህ ትከፍላለህ። የሚችል ብዙ ያጭዳል፣ የማይችል ራሱ ይሄዳል።

አጫጅ ነበርኩ
እኔ ሰባራ ማጭድ ይዤ እዚያው ሽንፋ፣ ቋራና አብደራፊ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ቅር አይበልህ ወንድሜ፣ በግልጽ ልጠይቅህ። "ሰው ጠፋ" ትላለህ። ኮኪት ሰው አለ፣ አንተ ጋር የለም። ለምን? ስንት ትከፍላለህ ብቻ ሳይሆን መቼ ነው የምትከፍለው? ምን ይበላሉ? ውሃው ከየት ነው? የት ነው የሚተኙት? አጫጅ ከተማ ሲወጣ ወሬ ይለዋወጣል። እከሌ ጋር ሂሳብ ይዘገያል ከተባለ በቃ፣ 100 ብር ብትጨምርም ማንም መኪናህ ላይ አይወጣም።

የሽንፋው ልጅ (ጠያቂ)
ክፍያው እንደ አገሩ ልማድ ነው፣ አጨዳው ሲያልቅ። ቀለብ የማሽላ ዱቄትና ሽሮ እንሰጣለን። ወጥ ሠሪዋ ስለሄደች ራሳቸው እየጋገሩ ነው። ውሃ በበርሜል ከወንዝ ነው የሚቀዳው። ግን አሁን ስለ ምግብ አይደለም የጠየቅኩት፣ ሰሊጡ እየረገፈ ነው! አንዱ ልጅ ደግሞ ትኩሳት ከያዘው ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የወባ ኪኒን ሰጥተነው ነበር፣ አልተሻለውም። እሱን አይተው ሳይፈሩ አልቀሩም።

ወጥ ቤት
ወንድሜ፣ መልሱን እኮ ራስህ ጻፍከው! እኔ አርማጭሆ በኩል ለአጫጆች ለዓመታት ምግብ ሠርቻለሁ። ሰው ቀኑን ሙሉ በዚያ ሙቀት ጎንበስ ብሎ ውሎ ማታ ዱቄት ሊያቦካ? ጠዋት ደግሞ ሳይበላ ሊነሳ? የሚሄዱት መጀመሪያ ወጥ ሠሪዋ ስትሄድ ነው። ሁሌም። ዛሬውኑ ሁለት ሴቶች ፈልግ፣ አንዷ ብትታመም ሌላዋ እንድትተካ። ጥሩ ክፈላቸው። ምስር ጨምር፣ ዘይት ጨምር፣ ሽንኩርት አትሰስት። ቡና በቀን ሁለቴ ይፈላ። ውሃውን በውሃ አጋር አክሙት፣ ወይ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። የምታጭዱበት ቦታ ድረስ በጀሪካን የሚያደርስ አንድ ልጅ መድብ። ይሄ ሁሉ ወጪ ከሚረግፈው ሰሊጥ አይበልጥም።

የጤና ባለሙያ
ሁሉንም ነገር አቁምና ስለ ልጁ ስማኝ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ በዚያ ላይ የመተማና የሑመራ ቆላ። ይሄ ካላዛር ሊሆን ይችላል። ሆዱን በግራ በኩል ያብጠዋል? ከስቷል? ከሆነ የወባ መድኃኒት አያድነውም። ካልታከመ ይገድላል። ምርመራና ሕክምና መተማ ሆስፒታል አለ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም አለ። ነገ አትበል።
ለሌሎቹም ልናገር። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ታንሳለች። ማታ ነው የምትነክሰው። በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ዛፍ አካባቢ ትኖራለች። አጫጁ ደግሞ የት ነው የሚተኛው? እዚያው ግራር ሥር፣ መሬት ላይ። መድኃኒት የተነከረ አጎበር ለእያንዳንዱ ሰው ስጥ። ከግራሩ ራቅ ያለ ዳስ ሥራ። ከደጋ የመጣ ሰው ሰውነቱ በሽታውን ስለማያውቀው ቶሎ ይወድቃል።

ቆራጡ
እኔ በበኩሌ መታወቂያቸውን ሰብስቤ ነው የማስገባው። ሥራ ሳያልቅ አይሄዱም። ቅድሚያ ወስዶ መጥፋት የለም። ሰው ካነሰ የአካባቢው ልጆችም አሉ፣ ርካሽ ናቸው።

አጫጅ ነበርኩ
ቆራጡ፣ ይሄንን ምክር ለልጁ አትስጠው። መታወቂያ የተያዘበት ሰው ኬላ ማለፍ አይችልም፣ ቢታመም ሐኪም ቤት ለመሄድ ይፈራል። እስር ነው። እንደሱ ያደረገ ባለ እርሻ ስሙ ጎጃም ድረስ ነው የሚወራው። ልጆች ያልከውም፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ቅድሚያ እንዳይጠፋብህ ከፈለግክ ቅድሚያውን ለአንድ ሰው አትስጥ። ከአንድ ቀበሌ ለመጡ፣ የሚተዋወቁ ሰዎች ስጥ፣ ካቧቸውን ራሳቸው ይምረጡ። አንዱ ቢጠፋ ሌሎቹ ቤቱን ያውቁታል። ቀሪውን በየሦስት ቀኑ፣ እጅ በእጅ ክፈል። እኔን ለአራት ዓመት ወደ አንድ እርሻ የመለሰኝ ሌላ ነገር አልነበረም። ሰውዬው ቅዳሜ ከሰዓት ደብተሩን ይዞ ይመጣል፣ በፊታችን ያነባል፣ ይከፍላል። በዝናብ እንኳን ቀርቶ አያውቅም።

ቦሌ ካፌ
እኛም አዲስ አበባ አስተናጋጅ አጥተናል። አሠልጥነን ሳንጨርስ ዱባይና ቤይሩት ይሄዳሉ። ሰው ሁሉ የት ገባ?

ኮኪት ነኝ
ቦሌ፣ አንቺ ጋር እኮ ማኪያቶው አይረግፍም 😀

የሰብል ባለሙያ
እስካሁን ስለ ሰሊጡ የነገረው የለም። የሽንፋው ልጅ፣ ያሉህን ሰዎች በትክክል ተጠቀምባቸው። ዛሬ ማሳውን ዙር። ሁሉም እኩል አይደርስም። ጠጠራማውና ከፍ ያለው ቦታ ይቀድማል፣ ውሃ የሚይዘው ዋልካ ይዘገያል። ቅጠሉ ረግፎ ታችኛው ፍሬ የተሰነጠቀው እንዲያውም ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ የሚታጨደው አብዛኛው ፍሬ ቢጫ የሆነው፣ ግን ገና ያልተከፈተው ነው። እሱን ነው ሙሉ በሙሉ ማዳን የምትችለው። የተከፈተውን በማለዳ ጤዛ ሳይደርቅ እጨዱት፣ በእርጥበት ጊዜ ፍሬው ቶሎ አይረግፍም። ፀሐይ ሲበረታ ወደ ቢጫው፣ ገና ወዳልተከፈተው ዙሩ። ነዶ ስታስሩ አትወርውሩ። ሂላው ሥር ሸራ ይነጠፍ።
ኮምባይኑን እርሳው። ለማሽላ ይሆናል። ሰሊጥ ግን ከታች ሲከፈት ከላይ ገና አረንጓዴ ነው፣ ማሽኑ ሲነካው የደረሰውን መሬት ላይ ያራግፈዋል።
ለከርሞ ደግሞ 60 ሄክታር በአንድ ዝርያና በአንድ ሳምንት አትዝራ። ከፊሉን ቶሎ የሚደርስ ዝርያ አድርገው፣ ሰቲት 1ን የመሰለ። ከፊሉን ማሽላ አድርገው። ማሽላ ይጠብቅሃል፣ ሰሊጥ አይጠብቅም። ያኔ ግማሽ ሰው ይዘህ ሁለት ዙር ታጭዳለህ።

ሰፋሪ
እኛ መንደር ትንንሽ ማሳ ያለን ሰዎች በወንፈል አጭደን ጨርሰናል። ዛሬ የእኔ፣ ነገ የጎረቤቴ። አሁን እጃችን ባዶ ነው። ልትደርስበት የማትችለውን ማሳ ለእኩል ስጠን። እኛ አጭደን፣ አራግፈን፣ ግማሹን ላንተ እናስረክባለን። ከመርገፉ ግማሽ ይሻላል። ማርያም ስለሆነች ነገ አንወጣም፣ ከነገ ወዲያ ግን 20 ሰው እንሆናለን። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

በሂላ 2
በሂላ ተዋዋል ወንድሜ። በቀን ኪሳራ ነው።

አጫጅ ነበርኩ
ተብሏል እኮ። በሂላ ከሆነ ደግሞ የነዶው ውፍረት ከመጀመሩ በፊት በገመድ ይለካ፣ ሁለታችሁም ፊት። ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። ሂላ አነሰ፣ ሂላ ተለቀ እየተባለ ስንት ሰው ተጣልቷል።

የሽንፋው ልጅ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰፋሪ፣ ጽፌልሃለሁ። ልጁ ሆዱ አብጧል፣ በግራ በኩል። ነገ ትራክተሩ ሲወጣ እንልከዋለን። ኔትወርክ እየ

የጤና ባለሙያ
ነገ አይደለም፣ ዛሬ! ትራክተር የለም ካላችሁ ሞተር ፈልጉ። ብቻውን አትላኩት፣ አብሮት የሚያድር ሰው ይሂድ። ውሎ አበሉን ያንተ እርሻ ይሸፍን። የቀሩት አጫጆች ይሄንን ሲያዩ ይቆያሉ።

ወጥ ቤት
የሽንፋው ልጅ፣ ልጁ ሄደ? ሁለት ሴቶች አግኝቼልሃለሁ፣ ገንዳ ውሃ ናቸው፣ መኪና ብቻ ይፈልጋሉ።

ወጥ ቤት
ወንድሜ አለህ? ሴቶቹ ሌላ ሰው እየጠየቃቸው ነው፣ እስከ ነገ ጠዋት ነው የሚጠብቁህ።

ሰፋሪ
ለእኔም አልመለሰም። ስልኩ ጥሪ አይቀበልም ይላል። ከነገ ወዲያ ለማንኛውም ወደዚያ እንወርዳለን።

አብደራፊ
ሰላም፣ እኔም ተመሳሳይ ችግር ላይ ነኝ። አጫጅ አለኝ፣ ማራገፊያ ሸራ ነው ያጣሁት። የሚያከራይ የምታውቁ?