ለቨርጂኒያ አገረ ገዥ ዕጩዎች የምንልከው የጦር መሣሪያ ጥያቄ፦ የጋራ ረቂቅ ውይይት (ሴፕቴምበር 2025)

ጸሐፊ

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ። ባለፈው ስብሰባ እንደተስማማነው ለሁለቱም ዕጩዎች፣ ለአቢጌል ስፓንበርገርና ለዊንሰም አርል-ሲርስ፣ ስለ ጦር መሣሪያ አንድ የጋራ ደብዳቤ እንልካለን። ረቂቁን እዚሁ እንጻፈው። ምርጫው ኖቬምበር 4 ነው። ቀድሞ ድምፅ መስጠት ግን ሴፕቴምበር 19 ይጀምራል። ስለዚህ ደብዳቤው ከመስቀል በፊት መውጣት አለበት። መልስ ከመጣ በአማርኛ ተርጉመን ለአባላት እናደርሳለን።

አንድ ነገር ከወዲሁ ላስታውስ። የሰሜን ቨርጂኒያ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ማህበራችን ከግብር ነፃ ሆኖ የተመዘገበ ነው። «እገሊትን ምረጡ» ማለት በሕግ አንችልም። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ መላክና መልሳቸውን ሳንቆርጥ ማውጣት ግን እንችላለን። የፓርቲ ክርክሩን በየቤታችን እንተወው።

ጉዳዩን በቅርብ ላልተከታተላችሁ ባጭሩ ልበል። ኤፕሪል 2007 ቨርጂኒያ ቴክ ውስጥ 32 ሰው ተገደለ። ገዳዩ የአእምሮ ሕክምና እንዲከታተል ፍርድ ቤት አዝዞት ነበር። ያ መረጃ ግን መሣሪያ ሲገዛ በሚደረገው ምርመራ ላይ አልታየም። የወቅቱ አገረ ገዥ ቲም ኬይን በራሳቸው ትዕዛዝ ያንን ቀዳዳ ደፈኑት። ሜይ 2019 ቨርጂኒያ ቢች 12 ሰው ሞተ። አገረ ገዥ ራልፍ ኖርዘም ምክር ቤቱን ለልዩ ስብሰባ ጠሩ። ስብሰባው 90 ደቂቃ ያህል ቆይቶ አንድም ሕግ ሳያወጣ ተበተነ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር መራጩ የምክር ቤቱን አብላጫ ቀየረው። በ2020 አዳዲስ ሕጎች ወጡ። ከግለሰብ ለሚገዛም መሣሪያ የገዢው ታሪክ ምርመራ (ባክግራውንድ ቼክ) ግዴታ ሆነ። ሽጉጥ በወር ከአንድ በላይ መግዛት ተከለከለ። ሬድ ፍላግ የሚባለውም፣ አደገኛ ከሆነ ሰው ላይ መሣሪያ በዳኛ ትዕዛዝ ለጊዜው የሚነሳበት ሕግ፣ ያኔ መጣ። ከዚያ ግሌን ያንኪን አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ። በ2024 ምክር ቤቱ ያሳለፋቸውን ወደ 30 የሚጠጉ የመሣሪያ ሕጎች በአንድ ቀን ውድቅ አደረጉ።

የአገረ ገዥ ፊርማ እንዲህ ነው። ውድቅ ያደረጉትን ለመመለስ በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ያ ቁጥር ዛሬ ማንም ፓርቲ የለውም።

የመጀመሪያ ሐሳቤ አራት ጥያቄ ነው፦ በቤት ውስጥ ስለ ማስቀመጥ፣ ስለ ሬድ ፍላግ፣ ስለ ሹፌሮችና ሱቆች፣ ውድቅ ስለሆኑት ሕጎች። ጨምሩ፣ ቀንሱ።

የሽማግሌዎች ክፍል

ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ በደንብ አስረድተሻል። እኔ ግን ስጋቴን ልናገር። ደብዳቤው «መሣሪያ ያለው ሰው ጥፋተኛ ነው» የሚል ድምፅ እንዳይኖረው። እኔ ባደግኩበት በጎጃም ገጠር ጠብመንጃ የሌለው ወንድ ሙሉ ሰው ተብሎ አይቆጠርም ነበር። አባቴ ዲሞትፈራቸውን ከራስጌያቸው አይለዩም ነበር። በማንም ላይ አንስተውት አያውቁም። እኔም እዚህ በሕጋዊ መንገድ ገዝቻለሁ፣ በወቅቱ አጋዘን አድናለሁ። እንደ እኔ ያሉ አባላት ብዙ ነን። ስማችን ሳይጠየቅ በደብዳቤ ላይ ባንወቀስ ደስ ይለኛል።

የወጣቶች ክፍል

ጋሼ፣ የእርስዎን አደን የሚነካ ነገር እኛም አንፈልግም። ግን ዋናው ጥያቄ አራተኛው ነው፣ መቅደም ያለበትም እሱ ነው። እኛ ልጅ ሆነን ጀምሮ በትምህርት ቤት «ተኳሽ ቢገባ» እያልን በጨለማ ክፍል ተደብቀን ተለማምደናል። ወላጆቻችን ይህን አያውቁትም። የጥቃት መሣሪያ የሚባሉትን ጠብመንጃዎችና ከ10 በላይ ጥይት የሚይዙ የጥይት መያዣዎችን (ማጋዚን) አዲስ መሸጥ የሚከለክለው ሕግ በ2024 አለፈ፣ ውድቅ ሆነ። በ2025 እንደገና አለፈ፣ እንደገና ውድቅ ሆነ። ቀድሞ በሰው እጅ ያለውን ጠብመንጃ አይወስድም። ስለዚህ ጥያቄው ቀጥታ ይሁን፦ ይህ ሕግ ጠረጴዛዎ ላይ ቢመጣ ይፈርማሉ ወይስ አይፈርሙም?

ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ ማንኛቸውም ቢያሸንፉ ቨርጂኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት አገረ ገዥ ታገኛለች። ሁለቱም መሣሪያ ያውቃሉ። ስፓንበርገር የፌዴራል ሕግ አስከባሪ ሆነው ሽጉጥ ታጥቀው ሠርተዋል፣ በ2022 ደግሞ በኮንግረስ ለእገዳው ድምፅ ሰጥተዋል። አርል-ሲርስ የባሕር ኃይል ወታደር (ማሪን) ነበሩ፣ በ2021 የምርጫ ፎቷቸው ላይ ጠብመንጃ ይዘው ቆመዋል። በደንብ የሚያውቁትን ነገር ነው የምንጠይቃቸው። ጥሩ መልስ ይገባናል።

የሹፌሮች ተወካይ

የእኛ ነገር ከዚህ ሁሉ ይለያል። ኡበርና ሊፍት የምንነዳ ሰዎች ሌሊት እንሠራለን። የተዘረፈም የተደበደበም አለ። አንዳንዱ ሽጉጥ ገዝቶ ፈቃድ ያወጣል። ከዚያ አንድ ተሳፋሪ «ዲሲ» ይለዋል። ድልድዩን ሲሻገር ፈቃዱ አብሮ አይሻገርም። የቨርጂኒያ ፈቃድ ዲሲ ውስጥ አይሠራም። ሜሪላንድም አይቀበለውም። ለራሱ ደኅንነት ብሎ የያዘው ሽጉጥ በአምስት ደቂቃ መንገድ ወንጀል ይሆናል።

በግሪን ካርድ ላለ ሰው ደግሞ ነገሩ በእስር አያበቃም። በጦር መሣሪያ ወንጀል መፈረድ በፌዴራል የኢሚግሬሽን ሕግ ከሀገር ሊያስወጣ ይችላል። ልጆቹ እዚህ ተወልደው፣ ቤት ገዝቶ፣ ሃያ ዓመት ታክስ ከፍሎ። ይህን ፈቃዱን ሲያወጣ ማንም አይነግረውም። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈርሞ ይወጣል።

ዕጩዎቹን የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ ፈቃድ የሚወስድ ሰው በሚገባው ቋንቋ አንድ ገጽ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው። ለዚህ ምንም ዓይነት ፓርቲ መሆን አያስፈልግም።

የሱቅ ባለቤቶች

ወንድሜ ያለውን እደግፋለሁ። ማታ ነዳጅ ማደያ የሚሠራ ሰው ፍርሃቱን እናውቀዋለን። እኔ መሣሪያ አለኝ፣ አልደብቅም። የሚያስጨንቀኝ ከእኔ ጋር ያለው ሠራተኛ ነው። ተማሪ ነው፣ ቪዛ ላይ ነው። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ በአብዛኛው አይፈቀድለትም። እኔ በሌለሁበት ከባንኮኒው ሥር ያለውን ቢያነሳ ምን እንደሚደርስበት ሳስብ እንቅልፍ የለኝም። ሱቆችም በዚያ ማስጠንቀቂያ ውስጥ ይካተቱ። ፖሊስ ቶሎ የሚደርስበትን መንገድም ጠይቁልን። ፖሊስ ቶሎ ቢደርስ ግማሾቻችን ሽጉጡን አንፈልገውም ነበር።

የጤና ኮሚቴ

ጋሼ፣ ስለ አባትዎ ዲሞትፈር ያሉት ልቤን ነክቶታል። እኔ ማንሳት የምፈልገው ግን ያንኑ ራስጌ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ቨርጂኒያም እንዲሁ ነው። ዜና የሚያወራው ሌላውን ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ይህ ጉዳይ ጨርሶ አይነሳም። «በድንገት አረፈ» ይባላል፣ ለቅሶ ይደረሳል፣ ያበቃል። እኔ በሥራዬ አያለሁ። ሥራ ያጣ፣ ትዳሩ የፈረሰ፣ ሀገር ቤት ያለው ቤተሰቡ በጦርነት የተበተነበት ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ክፉው ሐሳብ በኃይል የሚመጣው ለአጭር ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ሽጉጡ ትራስ ሥር ከሆነና ካዝና ውስጥ ከሆነ ልዩነቱ የሕይወት ነው።

ሬድ ፍላግ የተሠራው ለዚህ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከጁላይ 2020 ጀምሮ ይሠራል። ሰውየው ለራሱ ወይም ለሌላ አደገኛ ከሆነ ዳኛ መሣሪያው ለጊዜው እንዲነሳ ያዝዛል። መጀመሪያ እስከ 14 ቀን ነው፣ ከዚያ ችሎት ተሰምቶ እስከ 180 ቀን ሊደርስ ይችላል። ግን ሚስት ወይም እናት በቀጥታ ለፍርድ ቤት ማመልከት አትችልም። የሚያመለክተው ፖሊስ ወይም አቃቤ ሕግ ነው። አሁን አንዲት እንግሊዝኛ የማትችል እናት አስቡ። ልጇን ለማዳን ፖሊስ መጥራት አለባት። ፖሊስ ስትጠራ ልጇ ይታሰራል ወይም ይገደላል ብላ ትፈራለች። ስለዚህ ዝም ትላለች። ሕጉ አለ፣ እሷ ጋ ግን አልደረሰም።

እኔ ብጠየቅ ከሁሉም ይህ ይቅደም። ሁለት ነገር እንጠይቅ። ቤተሰብ በቀጥታ እንዲያመለክት ይፈቅዳሉ ወይ? ካልፈቀዱስ ስለ ትዕዛዙ በአማርኛ የሚያስረዳና ቤተሰብን የሚያግዝ ሰው ይመድባሉ ወይ?

እስከዚያው እንዲህ ያለ ክፉ ሐሳብ የመጣበት ሰው ይህን የሚያነብ ቢኖር፦ ወደ ቀውስ ጊዜ የእርዳታ ስልክ 988 ይደውሉ። አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

የወላጆች ኮሚቴ

ስለ ካዝና አንድ ነገር ልጨምር። ቨርጂኒያ ከ2023 ጀምሮ የመሣሪያ ካዝና ወይም ቁልፍ ያለው ሳጥን ለሚገዛ ሰው እስከ 300 ዶላር ከክፍለ ግዛት ታክሱ ላይ ትቀንሳለች። ሕጉን የፈረሙት ያንኪን ናቸው፣ ሁለቱም ፓርቲ የተስማሙበት ነው። ከእኛ ሰው ስንቱ ያውቃል? ታክስ ስንሠራ እንኳ አይነሳም። ደግሞ ታክስ የማይደርስበት ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ምንም አያገኝበትም፤ ካዝና መግዛት የሚከብደው ግን እሱ ነው።

በጃንዋሪ 2023 ኒውፖርት ኒውስ ውስጥ የ6 ዓመት ልጅ ከቤት ሽጉጥ ይዞ መጥቶ መምህሩን ክፍል ውስጥ መታት። ስድስት ዓመት! የአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶች ደብዳቤ በአማርኛ ይልኩልናል። የመሣሪያ አቀማመጥ ማሳሰቢያም በዚያው መንገድ ሊመጣ ይችላል።

የሽማግሌዎች ክፍል

የጤናዋ ልጅ ያነሳችውን አነበብኩ። እንደዚህ አስቤው አላውቅም። እንደዚያ ከሆነ ካዝናውን ለምኩራብም ለቤተ ክርስቲያንም ለመስጊድም ሰው መንገር የእኛ የሽማግሌዎች ሥራ ነው፣ መንግሥትን መጠበቅ የለብንም። እኔም የራሴን ከቁም ሳጥን አውጥቼ እቆልፋለሁ። የምጠይቀው አንድ ነው፦ ሬድ ፍላጉ የተጣላ ዘመድ መበቀያ እንዳይሆን። በእኛ ሰው መካከል በውርስም በትዳርም ጠብ አለ። በሐሰት የሚያመለክት ሰው ምን ይደርስበታል የሚለው ይጠየቅልን።

የወጣቶች ክፍል

ተገቢ ጥያቄ ነው ጋሼ። ይግባ። እኛም አራተኛው ይቅደም የሚለውን እንተዋለን፣ ቃሉ ግን እንዳይለዝብ። «ይፈርማሉ ወይስ አይፈርሙም» ይቆይ። ሽጉጥ በወር አንድ የሚለው ሕግ በ1993 ወጣ፣ በ2012 ተሰረዘ፣ በ2020 ተመለሰ። በየጊዜው የሚለዋወጠው በፊርማ ነውና ስለ ፊርማው እንጠይቅ።

ሰብሳቢ

ሁሉንም አይቻለሁ። የሚከተለው ቅደም ተከተል ያስማማናል ብዬ አስባለሁ፦ ሬድ ፍላግ፣ ካዝና፣ ሹፌርና ሱቅ፣ ፊርማ። «መሣሪያ ያላቸው አባላት አሉን፣ ከነሱ ጋር ሆነን ነው የምንጽፈው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መግቢያው ላይ ይግባ። ጋሼም የሹፌሮች ተወካይም አብረው ይፈርሙ። የፖሊስ ፍጥነት የካውንቲ ጉዳይ ስለሆነ ለፌርፋክስና ለአርሊንግተን ለብቻ እንጽፋለን።

ጸሐፊ

የተስተካከለው ረቂቅ ይህ ነው፦

«በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነን። ከመካከላችን መሣሪያ ያላቸውም የሌላቸውም አሉ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፍነው አብረን ነው። ለሁለቱም ዕጩዎች የተላከው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው።

አንደኛ፦ ቤተሰብ መሣሪያ ለጊዜው እንዲነሳ በቀጥታ ለፍርድ ቤት እንዲያመለክት ይደግፋሉ? በሐሰት እንዳይጠቀሙበትስ ምን ዋስትና ያስቀምጣሉ? አሁን ያለውን ሕግ እንግሊዝኛ ለማይናገሩ ቤተሰቦች እንዴት ያደርሳሉ?

ሁለተኛ፦ ለካዝና የሚሰጠውን የ300 ዶላር የታክስ ቅናሽ ያስቀጥላሉ? ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦችስ በምን መንገድ ያገኙታል?

ሦስተኛ፦ ፈቃድ የሚወስዱ ሰዎች ፈቃዱ ዲሲና ሜሪላንድ እንደማይሠራ፣ ዜጋ ላልሆነ ሰው በኢሚግሬሽን በኩል ምን እንደሚያስከትል በቋንቋቸው እንዲነገራቸው ያደርጋሉ?

አራተኛ፦ በ2024 እና በ2025 ውድቅ የተደረገው የጥቃት መሣሪያ ሽያጭ እገዳ እንደገና ቢቀርብልዎ ይፈርማሉ ወይስ አይፈርሙም? ምክንያትዎስ ምንድን ነው?»

እስከ ነገ ማታ ድረስ ቃል ማስተካከል የሚፈልግ ይጻፍ።

የሹፌሮች ተወካይ

ሦስተኛው ላይ «ሱቅ ውስጥ የሚሠሩትንም» የሚል ጨምሪልኝ እህቴ። ሌላው ልክ ነው።

የጤና ኮሚቴ

እኔ ተስማምቻለሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አማርኛ ቅጂ ለክሊኒኮች እወስዳለሁ።

ጸሐፊ

ተጨምሯል። የእንግሊዝኛውን ትርጉም ወጣቶቹ ረቡዕ ይጨርሳሉ፣ ሐሙስ ለሁለቱም የምርጫ ቢሮ በአንድ ሰዓት ይላካል። ለመራጭነት ያልተመዘገባችሁ እስከ ኦክቶበር 14 ተመዝገቡ። ፎርም መሙላት የሚያስቸግረው ሰው ቅዳሜ ቢሮ ይምጣ፣ እኛ አለን።