ወደ ኮምቦልቻ ለሚላክ ወንጌላዊ የመጀመሪያው ዓመት እንዴት ይያዝ?

ተላኪው
ሰላም ለሁላችሁ፣ ጌታ ይባርካችሁ። በመስከረም ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ከደቡብ ተነሥተን ወደ ወሎ፣ ኮምቦልቻ እንሄዳለን። የምናገለግልበት አጥቢያ ትንሽ ነው፤ ሽማግሌዎች አሉት፣ ቋሚ መጋቢ ግን የለውም። የምጠይቀው ስለ ዕለት ተዕለቱ ሥራ ነው። ሳምንቱን እንዴት እንደልድለው? ከሙስሊምና ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶች ጋር ማዕድ ላይ እንዴት እንሁን? ገንዘቡስ በማን እጅ ይለፍ? ደሴ ተከራይታችሁ ተመላለሱ የሚሉንም አሉ። አካባቢውን የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልን።

ጦሳ ግርጌ
ወንድሜ፣ ቤቱን ኮምቦልቻ ተከራይ። ከደሴ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም መንገዱ በሐረጎ ተራራ ላይ ጠመዝማዛ ነው፤ ክረምት ላይ ጉም ይወርድበታል፣ ሲመሽም ሚኒባስ ይሳሳል። ምእመን ሌሊት ቢታመም የሚደርስለት እዚያው ያደረ አገልጋይ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ሞቃት ነው፤ ወባም አለ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ልጆቹን ያለ አጎበር እንዳታስተኙ።

ዕቃህን አራግፈህ እንደጨረስክ ቅሬ ግባ። እናንተ ዕድር የምትሉት ነው፤ በብዙ ሰፈር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ላይ ነው ያለው። አከራይህን ይዘህ ወደ ሰብሳቢው ሂድ፣ መግቢያውን ክፈል፣ ደንቡን በተለይም ለቀረ ሰው ያለውን ቅጣት ጠይቀህ ተረዳ። አገልጋዮች እዚህ ላይ የሚሰናከሉት ወርሃዊውን በሰዓቱ እየከፈሉ ከቀብር ስለሚቀሩ ነው። ሰፈሩ የሚያየው ድንኳን ሲተከል መገኘትህንና ከለቀስተኛው ጋር መቀመጥህን ነው። ባለቤትህም ከሴቶቹ ጋር እንጀራና ውሃ ይዛ ትውጣ። ልቅሶ ቤት አትስበክ፤ ቤተሰቡ ጸልይልን ካለህ አጠር አድርገህ ጸልይ።

ሌላው ሰው የሚረሳው የመቃብር ቦታ ነው። በመጀመሪያው ወር ሽማግሌዎቹን ጠይቃቸው፤ ምእመን ሲያርፍ የት ይቀበራል? ከአስተዳደሩ የተሰጠ ቦታ አለ? ወረቀቱስ የት ነው? ከሌለ ማመልከቻው አሁኑኑ ይግባ። ሬሳው እቤት ተቀምጦ ቦታ መፈለግ ለሐዘንተኛው ሁለተኛ ሐዘን ነው። በእምነት የተለዩ ዘመዶችና ቤተ ክርስቲያኒቱ በአስከሬን የሚጋጩትም ያን ጊዜ ነው።

የቦርከና እህት
ስለ ማዕዱ እኔ ልጻፍላችሁ። ዋናው ጉዳይ ሥጋ ነው። ሙስሊም ሙስሊም ያረደውን፣ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ያረደውን ነው የሚበላው። ሁለቱንም የምትጠሩበት ድግስ ካላችሁ ሁለት እርድ ያስፈልጋል፤ የሙስሊሙን ሙስሊም ጎረቤት ይረድላችሁ፣ ወጡንም ሙስሊም ሴቶች ይሥሩት። ድስቱ፣ ጭልፋው፣ መሶቡ ለየብቻ ይሁን። አንድ ጭልፋ ሁለቱ ድስት ውስጥ ከገባ ሁለቱም ወገን እጁን ይሰበስባል፤ ምክንያቱን ግን በይሉኝታ አይነግራችሁም። አቅም ከሌላችሁ በዘይት የተሠራ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን አቅርቡ፤ ለሁሉም ይሆናል። ረቡዕና ዓርብ ለኦርቶዶክስ ጎረቤት ቅቤ የነካው ምግብ አትላኩ። በረመዳን ቀን ላይ ማንንም ሙስሊም ቡና ጠጡ አትበሉ፤ ከፍጥር በኋላ ሂዱ እንጂ።

ወሎ ቡና ሦስቱም ይጠጣል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከመቁላቱ እስከ በረካው አንድ ሰዓት ተኩል በቀላሉ ያልፋል፤ ስለዚህ በአንድ ከሰዓት ከሁለት ቤት በላይ ጉብኝት አትያዙ። ሦስተኛ ቤት የያዘ ሰው ቶናው ላይ ብድግ ይላል፣ ባለቤቷም ትቀየማለች። ሴት ብቻ ወዳለችበት ቤት ወንጌላዊው ለብቻው አይግባ።

ቡናው ላይ ዱዓ ከተደረገ ዝም ብላችሁ በአክብሮት ተቀመጡ። የማታምኑበትን አሚን አትበሉ፣ ተነሥታችሁም አትውጡ።

ጦሳ ግርጌ
እዚህ ላይ ከእህቴ ትንሽ እለያለሁ። ዝምታው አንዴ ሁለቴ ያስኬዳል፤ ሲደጋገም ግን ንቀት ይመስላል። ለቤቱ ጌታ ቀደም ብሎ ለብቻው «እኔ በራሴ መንገድ ነው የምጸልየው፣ ቅር አይበልህ» ማለት ይሻላል። የወሎ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ይረዳል።

ሒሳብ ያዥ
ገንዘብን በተመለከተ ከመነሣታችሁ በፊት ላኪዋና ተቀባይዋ ቤተ ክርስቲያን የሚፈርሙበት ውል ይኑር፤ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይና ሕክምና ማን ይከፍላል? እስከ መቼ? ድርሻው በየዓመቱ ወደ አጥቢያዋ እየዞረ ካልሄደ ድጋፉ የቆመ ቀን አገልግሎቱም ይቆማል።

አሥራትና መባ በዝምድና የማይገናኙ ሁለት ሰዎች እዚያው አዳራሹ ውስጥ ይቁጠሩት፤ በብር ዓይነት ለይተው ይጻፉ፣ ይፈርሙ፣ ደረሰኝ ይቆረጥ፣ ሰኞ ጠዋት ባንክ ይግባ። የባንክ ፈራሚዎች ሦስት ሆነው በሁለቱ ፊርማ ብቻ ይውጣ። አንተ ከሦስቱ አንዱ አትሁን። ለሥራው ከውጭ የሚመጣ ድጋፍም በቴሌብርህ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያኗ ሒሳብ ይግባ፤ በግል ስልክ የገባ ብር ንጹሕ ቢሆንም ንጽሕናውን ማሳየት አይቻልም።

ችግረኛ ሲመጣ ከኪስህ አትስጥ፤ ወደ ዲያቆናቱ ላከው። በተለይ ስለ ወንጌል ለሚጠይቅ ሰው ብር፣ ልብስ ወይም ሥራ አታቅርብ። ለሰጠኸው ሲል ይከተልሃል፤ ጎረቤቱም «በብር ገዙት» ይላል፤ ያ ስም ደግሞ ከአጥቢያዋ ላይ አይለቅም።

የአጥቢያ ሽማግሌ
ሳምንቱን እንዲህ ያዘው። ሰኞ ዕረፍት፣ ለቤተሰብህ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ጥናትና የስብከት ዝግጅት፣ ከሰዓት ጉብኝት። ቅዳሜ ከሕፃናት አስተማሪዎች ጋር የእሁዱን ትምህርት አጥና። እሁድ ምስባኩን በወር ከሁለት ጊዜ በላይ አትያዝ፤ የቀሩትን ሽማግሌዎቹ ይስበኩ፣ አንተ አዘገጃጀቱን አግዛቸው። እንግዳው ብቻ የሚሰብክባት አጥቢያ እሱ ሲሄድ ባዶ ትቀራለች። ለማንኛውም አገልግሎት ከአገሬው አንድ ሰው አብሮህ ይሁን፤ መጀመሪያ ያያል፣ ቀጥሎ አብሮህ ይሠራል፣ ከዚያ ብቻውን ይሠራና አንተ ታያለህ።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ነች፤ ፈረቃ አለ። የቤት ኅብረቱን በአንድ ቀን ማታ ብቻ ካደረግኸው የማታ ፈረቃ ያለበት ወጣት ይቀራል፤ ሲደጋገም ቸል ያለ ይመስላችኋል። ያንኑ ትምህርት በሌላ ቀን ጠዋት ድገመው። የድምፅ ማጉያህ ከአዳራሹ አይውጣ፤ በዓርብ የጁምዓ ሰዓት ደግሞ ፕሮግራም አታድርግ።

አዲስ አማኝን ከቤተሰቡ አታስወጣ። ጥምቀቱን አታፋጥን፤ የጥምቀት ትምህርቱን ጨርሶ፣ ለራሱ ቤተሰብ በራሱ አፍ ነግሮ ቢሆን መልካም ነው። ፎቶውንና ስሙን ቴሌግራም ላይ አትለጥፍ። ለላኪዎች ሪፖርት ስትጽፍም ስምና ሰፈር ተው፤ ሪፖርቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እዚያው ሰፈር ተመልሶ ይመጣል።

ተላኪው
ተባረኩ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ኅብረቱን በተከራየነው ቤት ማድረግ እንችላለን?

የቦርከና እህት
ትችላላችሁ፤ ግን ውል ሳትፈርሙ ለአከራዩ ንገሩት። በየትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ መዝሙሩም ያለ ማጉያ እንደሆነ። ከገባችሁ በኋላ ከጎረቤት ከሰማው «አታለሉኝ» ይልና ያስወጣችኋል፤ ቀጣዩ አከራይም ይህንኑ ሰምቶ ይጠብቃችኋል። ግቢው የጋራ ከሆነ የሌሎቹን ተከራዮች ፈቃድም ጠይቁ፤ ጫማ የሚወልቅበትንና ልጆች የሚጫወቱበትን ቦታ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ብዙውን ጊዜ ጭቅጭቅ የሚነሣው በእነዚህ ነው።