የቢሮ ስልክ ምርጫ ላይ ግራ ገብቶኛል፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የቢሯችን ፒቢኤክስ (የውስጥ ስልኮችን የሚያገናኘው ማዞሪያ) አርጅቷል፣ መለዋወጫውም ጠፍቷል። እኔ ደግሞ «አዲስ አጥንተሽ አምጪ» ተብያለሁ። ሁለት አማራጭ ላይ ቆሜያለሁ፤ አንዱ ሰርቨሩን እዚሁ አስቀምጠን እንደ አስተሪስክ ባለ ነፃ ሶፍትዌር ማስኬድ ነው፣ ሌላው በሰው ልክ በየወሩ እየከፈሉ ክላውድ ላይ መከራየት።

ሻጮቹ የሚያወሩት ሁሉ ስለ አፑ ማማር ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ጥሪው የሚሄድበት ኢንተርኔት ነው። በጂ.711 ኮዴክ (ድምፁን ወደ ዳታ የሚቀይረው ዘዴ) አንድ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ ወደ 87 ኪሎቢት በሰከንድ ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ 10 ሰው በአንዴ ቢያወራ እንኳ 1 ሜጋቢት አይሞላም፤ መስመራችን ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ በሙከራው ላይ ድምፁ ለምን ይቆራረጣል? በተለይ አንድ ሰው ትልቅ ፋይል መላክ ሲጀምር አይጣል ነው። መዘግየቱን ስለካው ከ150 ሚሊሰከንድ በታች ነው፣ ጂተሩ (የመዘግየቱ መለዋወጥ) ግን ከፍ ዝቅ ይላል። ራውተሩ ላይ በኪውኦኤስ (የትራፊክ ቅደም ተከተል ማስተካከያ) ለድምፅ ቅድሚያ መስጠት ይበቃል ወይስ ለስልኮቹ የራሳቸው ቪላን (በዚያው ኔትወርክ ላይ የተለየ ክፍል) ግድ ነው? ኮዴኩን አነስተኛ መስመር ወደሚወስደው ጂ.729 ብቀይረውስ ለውጥ አለው፣ ወይስ ጥራቱን ብቻ ነው የማጣው?

መብራት ሲጠፋ የአይፒ ስልክ አብሮ እንደሚሞት አውቃለሁ፣ ስዊቹንና ራውተሩን ዩፒኤስ ላይ አደርጋለሁ፤ እሱ አያሳስበኝም። የቁጥራችን ነገር ግን ያሳስበኛል። ነገ አገልግሎት ሰጪውን ድርጅት ብንለቅ ቁጥሩን ይዘን እንደምንወጣ ውሉ ላይ እንዴት ነው የሚጻፈው? ያለፋችሁበት ካላችሁ የውሉን አንቀጽ አጻጻፍ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፣ ፊርማው ደርሷል።