ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ ስምንት ክፍል አሮጌ ግቢ ልግዛ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ

የተከበራችሁ አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ተወልጄ ያደግሁት ኮምቦልቻ ሲሆን፣ አባቴም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ነበሩ። አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ለዓመታት ያጠራቀምሁትን ገንዘብ ባንክ አስቀምጬ ሲሟሟ ከማይ፣ በተወለድሁበት ከተማ የሚከራይ ቤት ልግዛበት ብዬ አሰብሁ።

ደላላ ያሳየኝ ግቢ ከቦርከና ወንዝ ብዙም ያልራቀ፣ በነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት በተገኘ ቦታ) የተያዘና በተርታ የተሠሩ ስምንት ክፍሎች ያሉት ነው። ስድስቱ የብሎኬት ናቸው፤ መንገድ ዳር ያሉት ሁለቱ ግን ዕድሜ የጠገቡ የጭቃ ቤቶች ሲሆኑ የቀበሌ እንደሆኑ ሰምቻለሁ። ሻጩ «በቅርቡ ይለቀቃሉ» ይሉኛል። የተጠየቅሁት 4.2 ሚሊዮን ብር ነው። እንደ ደላላው አነጋገር እያንዳንዱ ክፍል በወር 1,500 ብር ይከራያል፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲያንሠራራ ደግሞ እጥፍ ይሆናል፣ ባቡሩም ይመጣል። እኔ ግን ሰፈሩን ስዞረው ቀድሞ ጫጫታ የነበረባቸው ሻይ ቤቶች ተዘግተው፣ የአንዳንዱ ግቢ አጥር ወደ መንገድ ዘምሞ፣ ቆርቆሮው ዝጎ አየሁና ልቤ አመነታ። የምታውቁ ምከሩኝ።

መልስ 1 (የቀድሞ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ አባትህን ሳላውቃቸው አልቀርም፤ በደርግ ዘመን በዚያ ፋብሪካ በፈረቃ ያልሠራ የኛ ዕድሜ ሰው ጥቂት ነው። ያየሃቸው ተርታ ክፍሎች የተሠሩት ለዚያ ፈረቃ ነበር። ሌሊት የሠራው ጠዋት መጥቶ ሲተኛ ጎረቤቱ ይወጣል፤ ክፍል ባዶ የሚያድርበት ቀን አልነበረም።

በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ያ ጊዜ የተመለሰ መስሎን፣ ብዙ ሰው በግቢው ውስጥ ሰርቪስ ክፍል ጨምሮ ሠራ። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ ሲመለሱ ፋብሪካዎቹ ተዘርፈው ነበር። ወሩ ሳይሞላ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል አስወጣቻት፤ ልብስ እየሰፉ ወደ አሜሪካ የሚልኩ ኩባንያዎች ያለ ቀረጥ የመግባት መብታቸውን አጡ። ክፍል የሚከራዩት ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩና፣ እነሱ ሲቀነሱ ክፍሉም ባዶውን ቀረ።

ስለዚህ የደላላውን ወሬ ተወውና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ራስህ ሂድ። መብራት የበራባቸውን ክፍሎች ቁጠር። ቁልፍ የተንጠለጠለበት በር ካየህ ወደ ቁልፉ ቀረብ በል፤ ሰው የሚገባበት ከሆነ ቁልፉ በእጅ ብዛት ያብለጨልጫል፣ ባዶ ከሆነ አቧራና የሸረሪት ድር ይዟል። እኔ በዚህ ተታልዬ አላውቅም።

ባቡሩን በተመለከተ፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሃራ ገበያ የሚሄደው መስመር ሥራ የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ተዘርግቶ እያለ መደበኛ ጉዞ ሳይጀምር ስንት ክረምት እንዳለፈ አንተም ታውቃለህ። ሲመጣ ደስ ይለናል፤ ላልመጣ ባቡር ግን ዛሬ ገንዘብ አትክፈል።

መልስ 2 (የሕግ ባለሙያ፣ ደሴ)

ጠያቂው ከሁሉ በፊት የሚገዙት ምን እንደሆነ ቢለዩ መልካም ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ የሚገዙት ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ ሥሪት እንዲይዘው ይደነግጋል። በመሆኑም ሻጩ ዛሬ የሚከፍሉትን አነስተኛ የቦታ ግብር አይተው «እኔም ይህንኑ እከፍላለሁ» ብለው አያስሉ፤ ስሙ ወደ እርስዎ ሲዞር የሊዝ ክፍያው ስንት እንደሚሆን የከተማው ይዞታ አስተዳደር በጽሑፍ እንዲገልጽልዎ ያድርጉ።

ሁለቱ የመንገድ ዳር ክፍሎች ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያሳስቡኛል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወደ መንግሥት ሲያዞር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ለእሱ ቀርቶ የቀሩት ለቀበሌ የሆኑባቸው ቦታዎች በርካታ ናቸው። የደሴን ፒያሳና አራዳ ለሚያውቅ ሰው ውጤቱ ግልጽ ነው። ኪራዩ በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ቀበሌው ለዕድሳት የሚያወጣው ገንዘብ የለውም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አይፈልግም፤ በዚህ መካከል ግድግዳው ይፈርሳል። ሻጩ የቀበሌን ቤት ሊሸጡልዎ አይችሉም፤ «በቅርቡ ይለቀቃሉ» የሚለውም ቃል በውል ውስጥ ቢገባ እንኳ ቀበሌውን አያስገድድም። የይዞታ ካርታው ላይ የተጻፈውን ስፋት በሜትር ለክተው ያመሳክሩ፤ ሁለቱ ክፍሎች ከካርታው ውጭ ከሆኑ የሚገዙት የስድስት ክፍል ግቢ ነው፣ መንገድ ዳር ያለውም ፊት የእርስዎ አይደለም።

የቀረውን በአጭሩ ላንሣ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት ወይም በፍርድ ቤት ፊት ይፈጸም፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የሚጠይቀው ይህንን ነው። በደላላ ፊት በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ብዙ ሰው ለዓመታት ፍርድ ቤት አመላልሷል። ሻጩ ባለትዳር ከሆኑ ባለቤታቸው ቀርበው ይፈርሙ። ቤቱ በባንክ ብድር የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ አለመሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፤ ከጦርነቱ በኋላ ዕዳ የከበደባቸው ነጋዴዎች ስላሉ ይህ ተራ ጥንቃቄ አይደለም። መያዣውን ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ራሱ በሐራጅ ሊሸጠው እንደሚችልም አይርሱ።

መልስ 3 (በደሴና በኮምቦልቻ ቤት የምታከራይ)

ወንድሜ፣ ወንድሞቼ ሁሉ አስፈራሩህ፤ አብሽር። እኔ ከጦርነቱ በኋላ ሰው ሁሉ ሲሸሽ ገዝቼ አልጸጸተኝም። ነገር ግን ለፋብሪካ ሠራተኛ አላከራይም። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ያላት ከተማ ናት፤ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው የጭነት መኪና የሚያልፍባትም ናት። ሾፌርና ረዳት አዳር ይፈልጋሉ፣ ነጋዴ መጋዘን ይፈልጋል፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ መምህራንም ንጹሕ ክፍል ካገኙ ቶሎ አይለቁም። ስድስቱን ክፍሎች እንዳሉ ከማከራየት ሦስቱን ግድግዳ አፍርሶ አንድ መጋዘን ማድረግ ሊያዋጣ ይችላል። ለዚህ ግን መኪና የሚገባበት በር ያስፈልጋል፤ የቀበሌዎቹ ክፍሎች መንገዱን ከዘጉት የሕግ ባለሙያው የነገሩህ ችግር እዚህም ይመጣል።

መልስ 4 (ሲቪል መሐንዲስ)

በቦርከና አካባቢ ያለው ሜዳ አብዛኛው ዋልካ አፈር ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ጥልቀት የሌለው መሠረት ያለውን የብሎኬት ቤት በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያ የሚወጣ ስንጥቅ ካለ ምልክቱ እሱ ነው። በስንጥቁ ላይ ተሻግሮ ትንሽ ጀሶ ይለጥፉና ቀኑን ይጻፉበት፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ ዛሬም እየተንቀሳቀሰ ነው። ሻጩ በቅርቡ ቀለም አስቀብተው ከሆነ ደግሞ ከውጭ በኩል ይመልከቱ፤ ከውጭ ብዙ ሰው አይቀባም። የጎርፍ ምልክትም በግድግዳው ግርጌ ይፈልጉ። ደሴ ቢሆን ኖሮ ስለ መሬት መንሸራተት እጨምር ነበር፤ እዚህ ሜዳው ላይ ዋናው ጭንቀት ውኃና ዋልካ ነው።

መልስ 5 (ከአሜሪካ)

ዲትሮይት ሄጄ አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ 1.85 ሚሊዮን ሕዝብ የነበራት የመኪና ከተማ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ 640 ሺህ እንኳ አልሞላችም። ፋብሪካው ሲሄድ የቤቱም ዋጋ አብሮ ወደቀ፤ በጥቂት ሺህ ዶላር ቤት የገዙ ሰዎች የተጠራቀመ ግብርና የፈረሰ ጣሪያ ተረክበዋል። ኮምቦልቻ የተለየው ኪራዩ ወርዶ ዋጋው ባለመውረዱ ነው፤ ብሩ እንዳይሟሟበት የሚፈራ ሁሉ ቤት ላይ ስለሚያስቀምጠው። ስለዚህ ርካሽ ገዛሁ ብለው እንዳይታለሉ፤ የሚከፍሉት የሌላውን ሰው ፍርሃት ጭምር ነው። ስምንቱም ክፍሎች ቢያዙ በዓመት 144,000 ብር ይገኛል፤ ያወጡትን ለመመለስ 29 ዓመት ይፈጃል። የእርስዎ የሆኑት ስድስቱ ብቻ ከሆኑ 39 ዓመት ገደማ ነው፤ ግብርና ዕድሳት ገና አልተቀነሰም።

የጠያቂው ምላሽ (ከ12 ቀን በኋላ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተባልሁት ሰዓት ሄጄ ስቆጥር መብራት የበራባቸው ክፍሎች ሦስት ነበሩ፤ አንደኛው የቀበሌው ነው። ከቀሩት የአራቱ ቁልፍ አቧራ የለበሰ ነበር። ተከራይ አግኝቼ ሳነጋግር በወር የምትከፍለው 1,500 ሳይሆን 1,000 ብር እንደሆነ ነገረችኝ። ካርታውን አመሳከርሁት፤ ሁለቱ የመንገድ ዳር ክፍሎች ከወሰኑ ውጭ ናቸው። ለሻጩ ስድስት ክፍል አስልቼ 2.6 ሚሊዮን ብር ስላቸው ሌላ ገዥ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው አሉኝ፤ ግን አላባረሩኝም። አራተኛው ክፍል ጀርባ ላይ በሰያፍ የወጣ ስንጥቅ አግኝቼ፣ በሻጩ ፈቃድ ጀሶ ለጥፌበት ቀኑን በእርሳስ ጽፌአለሁ። መሐንዲሱን የምጠይቀው፣ እስከ መቼ ልጠብቅ?

መልስ 4 (ሲቪል መሐንዲስ)

ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ። በመስከረም መጨረሻ ተመልሰው ይዩት፤ ፎቶውን ከዛሬው ጋር አብረው ቢለጥፉልን የስንጥቁን ስፋት አይቼ አስተያየቴን እነግርዎታለሁ።